የተጠያቂዎቹ ኩርፊያ

በሁለት ሺህ ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ሃያ ቀን ጠዋት፣ ኢንጂነር ናሆም ዘርጋው በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የዋና ሥራ አስኪያጁን ቀብር ያስብ ነበር። በየቀኑ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሥራ አስኪያጁ በሳጥን ሆነው ይወጣሉ፣ ናሆምም ጥላውን ዘቅዝቆ ከኋላ ቀስ እያለ ይከተላል። እዚህ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራሱ ጊዜ ይፈካል። በሩ ላይ የተተከለው መስተዋት የፈካውን ፊት አይቶ አረንጓዴ ያበራና «ሞራል ዘጠና አራት። እንኳን ደህና መጡ፣ ኢንጂነር» ይላል።

ሌላውም ሠራተኛ የየራሱ ዘዴ ነበረው። አንዱ የልጁን ሠርግ ያስባል፤ አንዷ በሃያ ዓመቷ የተለያት ሰው ራሰ በራ ሆኖ ስታገኘው ይታያታል። ከሰባ በታች ያመጣ ወደ ሥራው አይገባም። ምድር ቤት ወደሚገኘው የደስታ ክፍል ወርዶ ሩብ ሰዓት ሲያጨበጭብ ይቆያል። ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የጫነ፣ ጢሙ የሸበተ መሐንዲስ፣ የልጅ ልጁ በምትሆን አሠልጣኝ ፊት «ደስ ብሎኛል! ደስ ብሎኛል!» እያለ መዳፉን ሲያጋጭ ማየት ያሳፍራል። የሚያሳፍረው ግን የሚያየውን ሰው ነው። አጨብጫቢዎቹ ለምደውታል።

መሥሪያ ቤቱ «ጽኑ ዓምድ የንድፍ ድርጅት» ይባላል፤ የሚገኘው ቢሾፍቱ ነው። ሃያ ሦስት መሐንዲሶች አሉት። ንድፍ የሚሠራ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። ያንን የሚሠራው ነዳፊው የሚሉት ማሽን ሲሆን፣ ድልድይም ሆነ ፎቅ ወይም የውሃ ጋን ሰው ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ከነዝርዝሩ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። የመሐንዲሶቹ የሥራ መደብ ደግሞ «ተጠያቂ» ነው። ሕጉ የፈረሰ ነገር ሁሉ የሚታሰርለት ሰው ይኑረው ይላል፣ ማሽን ደግሞ አይታሰርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ንድፍ አንድ የተማረ ሰው ይመደብለታል፤ ያ ሰው ንድፉን አንብቦ ይፈርማል፤ ግንባታው ሲመረቅ ሕዝብ ከመርገጡ በፊት ቀድሞ ይረግጠዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ለመፈረም ሁለት ቁልፎች አሏቸው። አንደኛው «አረጋግጫለሁ» ይላል፤ ሁለተኛው «በደስታ አረጋግጫለሁ»። ሦስተኛ ቁልፍ የለም።

አንብቦ ይፈርማል ይላል እንጂ ሕጉ፣ ያነበበ የለም። ከሁሉም አንጋፋ የሆኑት ጋሽ ባርኮን፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ከምሳ በፊት ስድሳ ንድፍ ይፈርማሉ። የንባብ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ተሰክቶ ይውላል፤ ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው ሲወርድ ያየ ሰው አልነበረም። ሌሎቹም ያው ናቸው። ሃያ ዓመት ተምረው፣ የተማሩትን በአንድ ጣት ጫፍ የሚጨርሱ ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው ስለ ሙያ ክብር ሲያወሩ ግን ጆሮ ይበጥሳሉ።

ናሆም ያነባል። ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ንድፍ በላይ በቀን መፈረም የማይችለውም ስለሚያነብ ነው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ባልደረቦቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ንቋቸዋል፣ ንቀቱንም እንደ ደመወዝ ጭማሪ ይቆጥረው ነበር። ምሳ ሲበሉ እያያቸው፣ «እነዚህ ሰዎች የሚያነቡት የምግብ ዝርዝር ብቻ ነው» ይላል በልቡ።

ያን ዕለት የካቲት ሃያ የመጣለት የጨፌ የእግረኛ ድልድይ ነበር። ጨፌ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ያለ የገበያ ቦታ ነው። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ ሐሙስ ሐሙስ ገበያተኛው አራት ኪሎ ሜትር ዞሮ በአሮጌው የድንጋይ መሻገሪያ ይሄዳል። ድልድዩ ስልሳ ሜትር ይረዝማል፤ መሠረቱ ሁለት ሜትር ይወርዳል። ናሆም ገጹን እየገለጠ ሄዶ የአፈሩ ምርመራ ላይ ሲደርስ ቆመ። አፈሩ የተመረመረው በጥር ነበር። ውጤቱ «እጅግ ጠንካራ» ይላል።

ናሆም የተወለደው ዋልካ ላይ ነው። ዋልካ በጥር እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ በሐምሌ እንደ ገንፎ ይላላል፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲጠማ ይሰነጠቃል። የእናቱ ቤት በር በየክረምቱ አይዘጋም፣ በየበጋው አይከፈትም ነበር፤ አባቱ በዓመት ሁለት ጊዜ በሩን ይልጉት ነበር፣ በመጨረሻም በሩን ነቅለው መጋረጃ ሰቀሉ። ሁለት ሜትር ወርዶ ዋልካ ላይ የተቀመጠ ድልድይ የመጀመሪያውን ክረምት ሳይጨርስ እንደሚንበረከክ ለማወቅ ነዳፊ አያስፈልገውም።

ወደ ሞራል ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ አሜን ሄደ፤ ሌላ የሚሄድበት አልነበረም። አሜን የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ማር የተቀባ ነው፣ ሰው ሲያናግራት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነው የምትሰማው።

«የጨፌው ድልድይ ይወድቃል» አላት።

«እየሰማሁዎት ነው፣ ኢንጂነር። ይህ እንዴት አድርጎ ነው የተሰማዎት?»

«የተሰማኝ ነገር አይደለም እኮ። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ ነው የለኩት።»

«ገብቶኛል። ስለዚህ ፍርሃት አለ ማለት ነው።» የሆነ ነገር ጻፈች። «ፍርሃትን ስም ስንሰጠው ይቀንሳል። አሁን ይህን የቴክኒክ ጉዳይ እንበለው ወይስ የሞራል?»

«የቴክኒክ ነው!»

«የቴክኒክ ጉዳይ ለነዳፊው ነው የሚቀርበው፤ ነዳፊው ደግሞ ንድፉ ትክክል ነው ብሏል። የቀረን እንግዲህ የሞራሉ ነው።» ፈገግ አለችለት። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደስታ ክፍል አንድ ሩብ ሰዓት ይዤልዎታለሁ።»

ናሆም ሄዶ አጨበጨበ።

አለመፈረም አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። አንድ ንድፍ በተጠያቂው እጅ ሠላሳ ቀን ይቆያል። ከዚያ ካለፈ ወደ ሌላ ተጠያቂ ይዛወራል፣ ሌላው ተጠያቂ ደግሞ ዓይኑን ሳይገልጥ ይፈርማል። ናሆም ጣቱን ቀን መቁጠሪያ ላይ አኖረ፤ መጋቢት ሃያ። እስከዚያ ድረስ «አልፈርምም» የሚል ቁልፍ ካልተገኘ ድልድዩ ይሠራል፣ ሐሙስ ሲሆን ገበያተኛው ከነአህያው ይወጣበታል።

ጉዳዩን በቅዳሜው ስብሰባ ላይ ሲያነሳው ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ባልደረቦቹ ስለ ድልድዩ ግድ አልሰጣቸውም። ስለ ቁልፉ ግን ልባቸው ተነሳ። አልፈርምም ማለት የሚችል ሰው ትልቅ ሰው ነው። ሃያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ትልቅ ሰው መሆን አማራቸው።

«አድማ እንምታ» አለ አንዱ፣ ብሎም ወዲያው ወደ በሩ ዞሮ አየ።

«አድማ የሚለው ቃል ከሕጉ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ እስር ቤት ልትከተን ነው?» አሉ ጋሽ ባርኮን። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኩርፊያን ግን የከለከለ ሕግ አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለማፍለቅ በእርግጥም መማር ያስፈልጋል።

ሰኞ ጠዋት ሃያ ሦስቱም አኩርፈው መጡ። በሩ ላይ ማንም ቀብር አላሰበም፣ ሠርግ አላሰበም። መስተዋቱ ቀይ ሆነ፤ አርባ አንድ፣ ሠላሳ ስምንት፣ የጋሽ ባርኮን ሃያ ዘጠኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ፊታቸውን ለማጥቆር ብዙ አልደከሙም። ደስታ ክፍል ወርደው እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። አሠልጣኟ «ደስ ብሎኛል በሉ!» ስትል ግድግዳ ያያሉ። አሜን ሰላም ስትላቸው ከንፈራቸውን ያሞጠሙጣሉ። ምሳ ቤት ገብተው ትሪው ፊት ይቀመጡና አይነኩትም።

አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል። እነሱ ግን ይህን ተረት ስለሚያውቁ በኪሳቸው ዳቦ ይዘው ይመጡና ደረጃ ሥር ተደብቀው ይበሉ ነበር። ናሆም በሁለተኛው ቀን ደረጃውን ሲወርድ ጋሽ ባርኮንን ፍርፋሪ ከጢማቸው ሲያራግፉ አገኛቸው። አላየሁም ብሎ አለፈ። እንዲህም ሆኖ በልቡ ተስፋ አደረገ፤ ሰው ዳቦ እየበላም ቢሆን ሊታገል ይችላል አለ።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌ ተላከ። የድርጅቱ የሞራል አማካይ በየሳምንቱ ለባለአክሲዮኖች ይነበባል፤ ሠላሳ አራት የሚባል ቁጥር ደግሞ ተነብቦ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከአንድ የሽምግልና አገልግሎት በውል የመጡ፣ ጋቢያቸው የተተኮሰ፣ ደረታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ። መሪያቸው አቶ ናታን የሚባሉ፣ ምርቃት በቃላቸው የሚያወርዱ ሰው ነበሩ።

«ልጆቼ፣ ቂም የያዘ ቤት አይባረክም» አሉ አቶ ናታን፣ ከእሳቸው ሦስት ዓመት የሚበልጡትን ጋሽ ባርኮንን እያዩ። «ምንድን ነው ያስከፋችሁ?»

አኩራፊ ቶሎ አይናገርም። ሃያ ሦስቱም ዝም አሉ። ተለመኑ። እንደገና ዝም አሉ። ሦስተኛ ሲለመኑ ናሆም አልቻለም።

«አንድ ቁልፍ ነው የምንፈልገው። አልፈርምም የሚል።»

አቶ ናታን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ። ግን እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ናችሁ። ያልተማረ ነው በአፉ የሚናገረው። የተማረ ሰው ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ አይደለም እንዴ?»

ከዚህ የበለጠ ተንኮል በጋቢ ተሸፍኖ አይመጣም። ናሆም ጋሽ ባርኮንን አያቸው፤ ጋሽ ባርኮን ፊታቸው ፈክቷል። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረ ሰው ያላቸው ሰው ተገኘ።

ናሆም ያንኑ ዕለት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ «አልፈርምም የሚል ቁልፍ ይጨመርልን።» ሃያ ሁለቱ አንብበው ሳይሆን ርዝመቱን አይተው ተቆጡ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጥበቃ ሠራተኛም ይጽፈዋል አሉ። መግቢያ ያስፈልገዋል፣ ስለ ምህንድስና ታሪክ አንድ ምዕራፍ ቢገባ፣ የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ቢታከልበት። «እንጠይቃለን» ይባል ወይስ «እናሳስባለን» በሚለው ሁለት ቀን ተከራከሩ፣ ሁለት ሰዎች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ጽሑፉ አሥራ ሁለት ገጽ ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ናሆም በየጠዋቱ ቀን መቁጠሪያውን እያየ፣ «ጋሽ ባርኮን፣ እባክዎ፣ ጥቂት ቀን ነው የቀረን» ይላቸዋል።

«አንተ ደግሞ ትቸኩላለህ» ይሉታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

መጋቢት አሥራ ሰባት ላይ ጋሽ ባርኮን ራሳቸው ሰለቹ። አሥራ ዘጠኙን ገጽ ለነዳፊው ሰጡና «በአንድ ገጽ አድርገህ አስተካክለው» አሉት። ነዳፊው ድልድይ ብቻ አይደለም የሚነድፈው፤ ከድርጅቱ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። የደብዳቤም ሞራል ይለካል፤ ከሰባ በታች የሆነ ደብዳቤ አይወጣም። ነዳፊው ይህን አይደብቅም። መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ መመሪያውንም ሃያ ሦስቱም ፈርመውበታል።

ደብዳቤው በዓይን ቅጽበት ተስተካክሎ በየጠረጴዛው ላይ መጣ። ሰዓቱ ስድስት ከሩብ ነው፣ ምሳ ደርሷል። ከሥሩ ሁለቱ የታወቁ ቁልፎች አሉ። ጋሽ ባርኮን መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንዳለ ጣታቸውን አሳረፉ። ቀጥሎ ያለው አሳረፈ። ሃያ ሁለት ሰው በአራት ደቂቃ ውስጥ ፈርሞ፣ የሙያውን ክብር አስጠብቆ፣ ምሳ ለመብላት ወረደ። ኩርፊያው ሊያበቃ ስለሆነ ያን ቀን በግልጽ ነበር የበሉት።

ናሆም አነበበ። እንዲህ ይላል፤

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ተጠያቂዎች፣ ድርጅቱ ስለሚያደርግልን እንክብካቤ ከልብ እናመሰግናለን። በየዕለቱ ጣታችንን ማሳረፍ ያደከመን በመሆኑ፣ ከእንግዲህ ፊርማችን ያለ እኛ ድካም በራሱ ጊዜ እንዲያርፍ በደስታ ተስማምተናል።»

ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወረደ። ምሳ ቤቱ ውስጥ ሳቅና የሹካ ድምፅ ሞልቷል። ጋሽ ባርኮን ጥግ ይዘው ጥብስ አዝዘዋል።

«ጋሽ ባርኮን፣ ደብዳቤውን አንብበውታል?»

ጋሽ ባርኮን ጉርሻቸውን ቀስ ብለው አኘኩ። ሃያ አንድ ሰው ያያቸዋል። አሜንም ከበሩ አጠገብ ሻይ ይዛ ቆማለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋለች።

ናሆም አፋቸው ላይ የሚመጣውን ቃል ይጠብቅ ነበር። አላነበብኩም ቢሉ በቃ። ደብዳቤው ይሰረዛል፣ ሌላ ይጻፋል፣ አሁንም ሦስት ቀን አለ። ግን ደብዳቤ ሳያነብ የፈረመ ሰው ድልድዩንስ፣ ፎቁንስ፣ የውሃ ጋኑንስ እንዴት አድርጎ ነበር የፈረመው? ይህን ጥያቄ ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀም። መጠየቅም አላስፈለገም።

«አንብቤዋለሁ» አሉ ጋሽ ባርኮን።

«ፊርማችሁን ነው እኮ የሰጣችሁት! ቁልፍ ስንጠይቅ የነበረንንም ወሰዱት! እስቲ አሁን ያንብቡት፣ ይኸው።»

«አንብቤዋለሁ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁ መሐንዲስ ነኝ። ሳያነብ የሚፈርም ይመስልሃል?»

«እኛም አንብበነዋል» አለ አጠገባቸው ያለው። «አንብበነዋል» አሉ የወዲያኛው ጠረጴዛ ሰዎች። አንዱ፣ ሦስተኛ ዲግሪውን በውጭ አገር የሠራ፣ ጣቱን አንስቶ አስረዳ፤ «ደብዳቤው ውስጠ ወይራ ነው። ላይ ላዩን ምስጋና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ተቃውሞ ነው። የገባው ይገባዋል።» ሌሎቹ እፎይ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲህ ውስጠ ወይራ ከሆነ ምን ይባላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ናሆም ከዚያ ቀን በፊት ሲንቃቸው ትንሽ ይዝናና ነበር። አሁን ግን ንቀቱ መረረው። ሊተፋው ፈለገ፤ ሃያ ሁለት የተማረ ፊት እያየው ስለነበር ዋጠው። ደብዳቤው ላይ አልፈረመም። የተፈለገው ግን የእሱ ፊርማ አልነበረም፤ ሃያ ሁለቱ በቂ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጥተው እርቅ አወረዱ። አቶ ናታን መረቁ፣ ጉልበት ተሳመ፣ በሩ ላይ ያለው መስተዋት ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ዋለ። መጋቢት ሃያ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጨፌ ድልድይ ከናሆም ጠረጴዛ ጠፍቶ ወደ ጋሽ ባርኮን ተዛወረ። ጋሽ ባርኮን ገና ኮታቸውን እያወለቁ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ «በደስታ ተረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ በርቶ ጠፋ።

ድልድዩ በሰኔ መጨረሻ አለቀ። የምርቃቱ ቀን ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ ሐሙስ ሆነ፣ ገበያ እንዲታይ ተብሎ። ዝናቡ ከጀመረ ወር አልፎታል። ሃያ ሦስቱም በአውቶብስ ተጭነው ወጡ፤ ለሞራል ይጠቅማል ተባለ። ናሆም በመንገዱ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር እያዘጋጀ ነበር። «ወገኖቼ፣ ይህ ድልድይ ይወድቃል፤ አትውጡበት።» አውቶብሱ ሲቆም ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ አልቋል። ወረደ፣ ሕዝቡን አየ፣ ጥላውን ዘረጋ፣ ዝም ብሎ ቆመ። ዋና ሥራ አስኪያጁ እዚያው ነበሩ፤ አሜንም ትንሽ መስተዋት በእጇ ይዛ ነበር።

ገበያተኛው ወንዙ ዳር ተሰብስቧል፤ ዶሮ የያዘ፣ ጤፍ በአህያ የጫነ፣ ልጅ ያዘለ። ሪባኑ ተዘርግቷል። ጋሽ ባርኮን መቀስ ይዘው ወደ ድልድዩ አፍ ሄዱ። ዋልካው ጫማቸውን ያዘ፤ በየእርምጃው ጫማቸው እየከበደ፣ እየወፈረ ሄደ። ሪባኑን ቆረጡት። ተጨበጨበ። አንድ እግራቸውን ሲያነሱ ግን ዓይናቸው ወደ ታች ሄደ፣ መሠረቱ ወደሚጀምርበት። ኮንክሪቱና አፈሩ ተለያይተዋል። መካከላቸው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ ክፍተቱ ውስጥ ቡናማ ውሃ ይንቀሳቀሳል።

ጋሽ ባርኮን መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

ረጅም ጊዜ አዩ። ካሜራው ይጠብቃል። ከዚያ ቀና ብለው ከሕዝቡ መካከል ናሆምን ፈለጉ፣ አገኙት፣ መልሰው ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ጋሽ ባርኮን፣ ይሻገሩ እንጂ፣ ፎቶው እየጠበቀ ነው» አለች አሜን።

«እግሬን አመመኝ።»

«አሁን?»

«ይኸ ቁርጥማት እኮ ሲመጣ ሰዓት አይጠይቅም።»

አሜን ወደ ሌሎቹ ዞረች። የውጭ አገር ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ከፍታ እንደሚፈራ አስታወሰ። ሌላው ስልክ ተደወለለት፤ ስልኩ አልጮኸም። ሦስተኛው ጫማው ይበላሻል አለ፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ። አንድ በአንድ ወደ አውቶብሱ ማፈግፈግ ጀመሩ። የፈረሙት ሰዎች ሁሉ፣ በደስታ ያረጋገጡት ሁሉ።

«ኢንጂነር ናሆም፣ እርስዎስ?»

«እኔ አልፈረምኩም» አለ ናሆም። ቃሉን ጮክ ብሎ ሲናገረው ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ተናግሮት እንኳ ለሕዝቡ አልነበረም።

ከፊት ቆመው የነበሩ ወይዘሮ ቢፍቱ የሚባሉ ዶሮ ነጋዴ ነገሩን ከመጀመሪያው ሲከታተሉ ቆይተዋል። ማንበብ አይችሉም። ሁለቱን ዶሮዎች ከአንድ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንዴ!» አሉ። «የሠሩት ሰዎች ያልረገጡትን እኔ ልረግጠው? ምን አጥቼ!» እንትፍ አሉና ፊታቸውን አዙረው በአሮጌው መንገድ አራቱን ኪሎ ሜትር ሊሄዱ ጉዞ ጀመሩ። ከኋላቸው አህዮቹ ተከተሉ። ሕዝቡም ተከተለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድልድዩ ዳር የቀሩት የድርጅቱ ሰዎችና የተቆረጠው ሪባን ብቻ ነበሩ።

ድልድዩ ነሐሴ ዘጠኝ ተንበረከከ። በላዩ ማንም አልነበረም፤ ከምርቃቱ ቀን ወዲህ ማንም ወጥቶበት አያውቅም።

መርማሪው ለጋሽ ባርኮን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር ያቀረበላቸው። ፊርማው በራሱ ጊዜ ያረፈ ስለሆነ ንድፉን አላነበብኩም ካሉ ነፃ ናቸው፤ ተጠያቂነቱ ወደ ድርጅቱ ይዞራል። አንብቤዋለሁ ካሉ ግን እያወቁ ነው የፈረሙት። አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ተቀምጠዋል። ናሆም በልቡ «በሉ እንጂ፣ አንድ ቃል ናት» ሲል ራሱን አገኘው።

«አንብቤዋለሁ» አሉ ጋሽ ባርኮን።

ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። ሲወስዷቸው መነጽሩ ተመልሶ ግንባራቸው ላይ ነበር።

ድርጅቱ ከዚህ በኋላ ለጋስ ሆነ። በየጠረጴዛው ሦስተኛ ቁልፍ ተጨመረ፤ «አላነበብኩም» ይላል። የነካው ሰው፣ ፊርማው በራሱ ጊዜ ያረፈለትም ቢሆን፣ ተጠያቂነት የለበትም፣ አይቀጣም፣ ንድፉ እንደገና ይመረመራል። ስሙ ብቻ በሩ ላይ፣ ከመስተዋቱ አጠገብ በተሰቀለ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ሰሌዳው ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ባዶ ነው።

ናሆም የጋሽ ባርኮን ወንበር ተሰጠው፤ ደብዳቤው ላይ ስላልፈረመ እሱ አሁንም የሚፈርመው በጣቱ ነው። ስሙ ወጥቶለታል፤ «አንባቢው ናሆም» ይሉታል። ባልደረቦቹ ስለ ሙያ ክብር ሲያወሩ እሱን ይጠቅሳሉ፣ አሜን ለእንግዶች ታሳየዋለች። ያነባል ስለተባለም ከባድ ከባዱ ንድፍ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ መጀመሪያ በቀን አሥራ አምስት፣ ቀጥሎ ሃያ፣ ቀጥሎ ሠላሳ።

በኅዳር አንድ ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ንድፍ መጣለት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። የሚሠራው ከጨፌ ማዶ ነው፣ ሜዳው ላይ። ናሆም ዓይኑ ደክሟል፤ አሥራ ስድስት ንድፍ ከኋላው ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። ሁለተኛውን ገለጠ። የአፈር ምርመራው መቶ አርባኛው ገጽ ላይ መሆኑን ማውጫው ይናገራል። ጣቱ ወደ ሦስተኛው ቁልፍ ሄደና በላዩ ቆመ። ባዶው ሰሌዳ ታየው፤ ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያው ስም፣ በትልልቅ ፊደል፣ ናሆም ዘርጋው። ሃያ አንዱ ቆመው ሲያነቡት ታየው።

ጣቱን አንስቶ «በደስታ አረጋግጫለሁ» ላይ አሳረፈው። ከዚያ ምሳ ለመብላት ወረደ።

በማግስቱ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ የዋና ሥራ አስኪያጁን ቀብር ሊያስብ ሞከረ። ድንኳኑ አልመጣለትም፣ ጥሩምባውም አልተነፋለትም። የመጣለት አንድ በር ነው፤ በየክረምቱ የማይዘጋው የእናቱ ቤት በር። ፊቱ ግን ለምዶ ስለነበር በራሱ ጊዜ ፈካ። መስተዋቱ ልዩነቱን አላወቀም።

«ሞራል ዘጠና ሰባት። እንኳን ደህና መጡ፣ ኢንጂነር።»